ነገ ትመጫለሽ?

(የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ለጨረሱ ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማእከል ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ እንዳለ ገለበጥኩት። የደጋገምኩትንም አላወጣሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ!

ኧረ አልሰማሁም። ኪችን ውስጥ እንዲህ ከመለሳችሁ የሦስት ሰው ጥብስ ያራል። እንደገና። እንደምን ዋላችሁ!

እንዲህ ነው እንጂ። እግዚአብሔር ይመስገን።

የጋበዙኝን አዘጋጆች አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ወላጆችም እንኳን መጣችሁ። ለእናንተም የምለው አለኝ፤ ትንሽ ታገሱኝ። እዚያ ግድግዳው ሥር ሁለት ጆንያ አለ። ስትገቡ አይታችሁታል። አንዷ ልጅ "እርዳታ ሊያድሉን ነው እንዴ?" ስትል ሰምቻለሁ። አይደለም። የጆንያውን ነገር መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

እኔ ንግግር አልችልበትም። 25 ዓመት የኖርኩት ኪችን ውስጥ ነው። እዚያ ንግግር የለም፤ ያለው ጩኸት ነው። ስለዚህ እንዳይጠፋኝ ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጽፌ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ የኪችን ሥራ በየትኛው በር ነው የሚገባው? ሁለተኛ፣ የሙከራው ቀን ሼፉ ምንድን ነው የሚያየው? ሦስተኛ፣ ገንዘብና ወረቀት። ከመስመር ከወጣሁ አስታውሱኝ። እንደምወጣ ግን አውቀዋለሁ።

እሺ፣ በሩ።

1992 ዓ.ም. ነው። ከደብረ ብርሃን መጥቼ ጉለሌ አክስቴ ቤት ተቀምጫለሁ። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። የሦስት ወር የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ወሰድኩ። እንደ እናንተ። ሰርተፊኬቴን ላሚኔት አስደረግኩ። የአክስቴን ጥቁር ጫማ ተውሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ቦሌ መንገድ ላይ ወዳለ አንድ ትልቅ ምግብ ቤት ሄድኩ። በየት በኩል ገባሁ? በፊት ለፊት። በስንት ሰዓት? በስድስት ሰዓት ተኩል።

ትስቃላችሁ። እኔ ያኔ አልሳቅኩም። በስድስት ሰዓት ተኩል ምግብ ቤት ውስጥ ምን አለ? ምሳ አለ! አስተናጋጁ ሦስት ሰሃን ክንዱ ላይ ደርድሮ ይሮጣል። ካሸሯ ቀና አትልም። ኪችን ውስጥ የኦርደሩ ወረቀት እንደ ታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። እኔ መሀል ላይ ቆሜ "ኃላፊውን ፈልጌ ነበር" እላለሁ። ኃላፊው መጣ። አየኝ። "የኔ እህት፣ አሁን?" አለኝና ሄደ። በቃ፤ ያለቀው እዚያው ነው።

ስወጣ ዘበኛው ጠሩኝ። ሽማግሌ ናቸው። "ልጄ፣ ሥራ ፈልገሽ ነው?"

"አዎ አባባ።"

"ታዲያ እንግዳ በሚገባበት በር ሥራ ይገኛል? በዘጠኝ ሰዓት በጓሮ በኩል ነይ።"

የሦስት ወሩ ሥልጠና ያላስተማረኝን እሳቸው በአንድ አፍ ነገሩኝ። ዘጠኝ ሰዓት። ጻፉት። ከዘጠኝ እስከ አሥር ተኩል። የምሳው ሰው ወጥቷል፣ የእራቱ አልገባም። ሠራተኛው ራሱ ምሳውን የሚበላው ያኔ ነው። ሼፉ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሰው የሚያናግረው ያኔ ነው። እሑድ በምሳ ሰዓት ግን ደጁ ድረስ እንዳትደርሱ።

የጓሮ በር ሲባል እንዳትንቁት። እንጀራ የሚገባው በእሱ ነው። ጎመን የሚወርደው በእሱ ነው። ቆሻሻ የሚወጣው በእሱ ነው። ወሬም የሚወጣው በእሱ ነው። ማን ለቀቀ፣ ማን ከሼፍ ጋር ተጣላ፣ ማን ልትወልድ ደርሳለች፣ የትኛው ቅርንጫፍ ሊከፈት ነው፤ ይህን ሁሉ አትክልት የሚያወርደው ልጅ ያውቀዋል። ኃላፊው ሳያውቅ እሱ ያውቃል።

ማስታወቂያ አትዩ አላልኩም። ቴሌግራሙንም እዩ፣ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውንም አንብቡ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ። አሁን እኔ ኪችን ውስጥ 14 ሰው አለ። ማስታወቂያ አይተው የመጡት ሁለት ናቸው። ሌላው በሙሉ "ሼፍ፣ አንድ ልጅ አለች" ተብሎ የመጣ ነው። "አንድ ልጅ አለች።" ይቺ አረፍተ ነገር ናት ይህን ሁሉ ሕዝብ የምታስቀጥረው። ማን ነው የሚላት? ዕቃ አጣቢዋ ናት። እንጀራ ጋጋሪዋ ናት። ዘበኛው ናቸው። ስለዚህ በጓሮ በር ስትሄዱ ሼፉ ባይኖር እንኳ ከእነሱ ጋር ተጨዋወቱ። ስልካችሁን ለእነሱ ስጡ። እባካችሁ ደግሞ በየወሩ ሲም አትቀያይሩ። ስንት ልጅ ደውዬ "የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም" ተብያለሁ!

ወቅትም አለው። ሁዳዴ ሲገባ ክትፎ ቤት ሄዶ ሥራ የሚጠይቅ ልጅ አይቻለሁ። ወገኖቼ፣ 55 ቀን ጾም ነው! እነሱ ያሉትን ሠራተኞች እረፍት እያስወጡ ነው። በሁዳዴ የጾም ምግብ የሚበዛበት ቤት ነው የሚኬደው። በየአይነቱ የሚያወጣ ቤት ስንት ዓይነት ወጥ በቀን ይሠራል? ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ፎሶሊያ፣ ሽሮ። ይህ ሁሉ ላጭና ከታፊ ይፈልጋል። ክትፎ ቤቱ ጋ የምትሄዱት ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ነው። በጥር ደግሞ ሠርግ ነው። ኬተሪንግ የሚሠሩ ሰዎች በጥር በቀን ሒሳብ ሰው ይወስዳሉ። ሥራው ሰሃን ማጠብና ድንች መላጥ ነው። ግን አምስት ሠርግ የሠራ ልጅ አምስት ሼፍ ያውቃል።

"ትልቅ ሆቴል ይሻላል ወይስ ትንሽ ቤት?" የሚል ጥያቄ ስገባ አንድ ልጅ ጠይቆኛል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ሌላ ሼፍ ሌላ ሊላችሁ ይችላል። ትልቅ ሆቴል ኪችኑ የተከፋፈለ ነው። ትኩስ ምግብ የሚሠራበት ሆት ኪችን አለ፣ ሰላጣና ቀዝቃዛ ምግብ የሚሠራበት ኮልድ ኪችን አለ፣ ኬክና ብስኩት የሚሠራበት ፔስትሪ አለ፣ ሥጋ ክፍል አለ፣ የሀበሻ ኪችን አለ። ጽዳቱንና ሥርዓቱን ትማራላችሁ። ግን ዓመት ሙሉ ሰላጣ ስታጥቡ ልትከርሙ ትችላላችሁ። ትንሽ ቁርስ ቤት ፉልም ፍርፍርም ጨጨብሳም በሁለት ወር ትሠራላችሁ። ግን መጥፎ ልማድም ትማራላችሁ። በአንድ ጨርቅ ጠረጴዛውንም ቢላውንም እጁንም የሚጠርግ ሰው እዚያ ነው የሚፈጠረው። እኔ ብሆን ምሳ የሚጨናነቅበት መካከለኛ ቤት ነው የምመርጠው። ቢሮ የበዛበት ሰፈር ያለ ቤት። ሠራተኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ በልቶ መመለስ አለበት። ፍጥነት ማለት ምን እንደሆነ የሚገባችሁ እዚያ ነው።

አሁን ወደ ወላጆች ልዙር። ይህ ወረቀቴ ላይ የለም።

እናቴ ሥራ መያዜን ስትሰማ አለቀሰች። ከደስታ እንዳይመስላችሁ። "12ኛ ጨርሰሽ የሰው ድስት ልታጥቢ?" አለችኝ። ቤታችን ውስጥ የማብሰል ሙያ ክብር ነው። ዶሮ 12 ብልት አውጥታ የምትሠራ ሴት ባለሙያ ትባላለች። በገንዘብ ሲሆን ግን ያው ሙያ ውርደት ይሆናል። ለምን? እኔ እስካሁን አልገባኝም።

ነገሩ የቆየ ነው። እቴጌ ጣይቱ ፒያሳ ላይ ሆቴላቸውን ከከፈቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በዚያን ጊዜ ምግብ በገንዘብ መሸጥም መግዛትም ነውር ነው። ቤት የመጣ እንግዳ ይበላል፤ ይከፍላል እንዴ? ሰው አልገባ ስላለ ምኒልክና መኳንንቱ ራሳቸው እየበሉ እየከፈሉ እንዳስለመዱት ይነገራል። እንግዲህ እቴጌዋ ካላፈሩበት እኛ ምን ቤት ነን?

ፈረንጁም ቢሆን ከታች ነው የጀመረው። በትልልቅ ሆቴሎች ኪችኑን በክፍል በክፍል ያደራጀው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኤስኮፊየ ነው። አሁን "ኮሚ" እያልን የምንጠራው ጀማሪ ረዳት ስሙ ከእነሱ የመጣ ነው። እሱ ኒስ ከተማ በአጎቱ ምግብ ቤት ሲገባ ገና 13 ዓመቱ ነበር፤ በፈረንጆች 1859። በጣም አጭር ስለነበር ከምድጃው ሙቀት ፊቱን ለማራቅ ከፍ ያለ ተረከዝ ያለው ጫማ ያደርግ ነበር ይባላል። እናቶች፣ ልጃችሁ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተች ስትመጣ አትዘኑባት። ውሃ አሙቁላት። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ሁለተኛው። የሙከራው ቀን።

በዘጠኝ ሰዓት በጓሮ በር ሄድኩ። ሌላ ቤት ነው፤ ያኛው አልቀጠረኝም። ሼፉ ወፍራም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። "ጋሼ" ነበር የምንለው። ላሚኔት ያስደረግኩትን ሰርተፊኬት ሰጠሁት። በፀሐይ አቅጣጫ ያዝ አድርጎ አየውና "ያምራል" አለኝ። መለሰልኝ። ከዚያ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አሳየኝ። "ላጪ።"

ላጥኩ። አለቀስኩ፣ ላጥኩ። ሁለት ሰዓት ያህል። የተላጠው ሽንኩርት ነጭ ሆኖ ሳህኑ ላይ ተከምሯል፤ ኮርቻለሁ። ጋሼ መጣ። ሽንኩርቱን አላየውም። ዞር ብሎም አላየውም! ወደ ቆሻሻው ባልዲ ነው የሄደው። እጁን አስገብቶ ልጣጩን አወጣ። አንዱን ልጣጭ በጣቱ ይዞ "ይሄ ስንት ብር ነው?" አለኝ።

ልጣጩ ወፍራም ነበር። ከላይ ያለውን ደረቅ ብቻ ማንሳት ሲገባኝ ሁለት ሽፋን ሙሉ ሽንኩርት አብሬ ጥያለሁ። እስቲ አስቡት። ለወጥ ቁሌት በቀን ስንት ኪሎ ሽንኩርት ይፈጃል? ከእያንዳንዱ ራስ አንድ ሽፋን ብትጥሉ በወር ምን ያህል ነው? ምግብ ቤት የሚያተርፈውም የሚከስረውም በዚያ ባልዲ በኩል ነው። ዛሬ እኔም ልጅ ስሞክር ባልዲውን ነው የማየው። ሰርተፊኬቱን ኋላ አየዋለሁ።

ሌላስ ምን አያለሁ? ጥፍር አያለሁ። ቀለም የተቀባ ከሆነ እሱንም አያለሁ። ፀጉር ተሸፍኗል ወይ? ስልኩ የት ነው? ኪሱ ውስጥ እየጮኸ ከሆነ አብቅቷል። ከመጀመሩ በፊት እጁን ታጥቧል ወይ? ሳይነገረው? ይህ ብቻውን ግማሽ ፈተና ነው። መክተፊያው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ዘርግቷል ወይ? ጥሬ ሥጋ የነካ መክተፊያ ላይ ሰላጣ ሊከትፍ ነው ወይ? በብዙ ቦታ መክተፊያው በቀለም ነው የሚለየው። ቀይ ለጥሬ ሥጋ፣ አረንጓዴ ለአትክልት፣ ሰማያዊ ለዓሣ። የቀለሙ መክተፊያ በሌለበት ቤት ደግሞ "ይሄ የምን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያስነቅፍም። አያስነቅፍም! በጾም ቀንማ ሳይጠይቁ መጥበሻ ማንሳት ራሱ ጉድ ነው። ቅቤ የነካ ድስት ላይ ሽሮ የሠራ ልጅ አውቃለሁ። ደንበኛው ከሽታው ለይቶት ሰሃኑን መለሰ። የዕለቱ በየአይነቱ በሙሉ ተደፋ።

ቢላን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የሚቆርጣችሁ የተሳለው አይደለም፤ ዱልዱሙ ነው። ዱልዱም ቢላ ትጫኑታላችሁ፤ ሽንኩርቱ ላይ ይንሸራተትና ጣት ላይ ያርፋል። ቢላ ከወደቀ ደግሞ ተዉት፣ ይውደቅ። ለመቅለብ እጁን የዘረጋ ሰው አይቻለሁ። አሁን አልነግራችሁም፣ ምሳ በልታችኋል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ልጣጩን ካሳየኝ በኋላ አፍሬ ዝም አልኩ። "ሂጂ ታጠቢ" አለኝ። የተባረርኩ መሰለኝ። ሽርጤን ፈትቼ በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠራኝ።

"ነገ ትመጫለሽ?"

"አዎ ጋሼ" አልኩ። ጥያቄው አልገባኝም ነበር። ሥራ ፈልጋ የመጣች ልጅ ለምን አትመጣም?

በሦስተኛው ቀን ገባኝ።

የቀጠረኝ ዕቃ አጣቢ አድርጎ ነው። ስቲዋርድ የሚሉት። በወር 150 ብር። የመጀመሪያው ቀን ሄደ። ሁለተኛው ቀን እግሬ አበጠ። የአክስቴ ጥቁር ጫማ እርጥብ ሴራሚክ ላይ እንደ በረዶ ነው። ጫማ! ይሄንን ረስቼው ነበር። የማያንሸራትት፣ የተሸፈነ ጫማ ግዙ። ክፍት ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ ኪችን እንዳትገቡ፤ የሚወርደው ዘይት ነው። ሦስተኛው ቀን አርብ ነበር። የወጥ ድስት ከምድጃ ላይ አንሺ ተባልኩ። ባዶ ነው፤ ግን ሲግል ቆይቷል። በእርጥብ ጨርቅ ጆሮውን ያዝኩት። በእርጥብ ጨርቅ! ውሃ ሙቀቱን ወዲያው ነው የሚያስተላልፈው። ጨርቁ ተነነ፣ መዳፌ ተላጠ። ትኩስ ዕቃ የሚያዝ በደረቅ ጨርቅ ነው። በደረቅ።

አንዱ ልጅ የጥርስ ሳሙና ይዞ እየሮጠ መጣ። ሌላው ቅቤ አለ። እንጀራ የሚጋግሩት እናት ሁለቱንም ገፍተው እጄን ጎትተው ቧንቧ ሥር አደረጉት። "እዚህ ቁሚ፣ አትነቃነቂ" አሉኝ። ብዙ ቆምኩ። በኋላ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ስወስድ የሰማሁት ያንኑ ነው፤ 20 ደቂቃ ያህል የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ። የጥርስ ሳሙና የለም፣ ቅቤ የለም። ሴትየዋ ከማን እንደተማሩት አላውቅም። ምጣድ ላይ 30 ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው።

ያን ማታ አራት ሰዓት ላይ ስወጣ ላለመመለስ ወስኛለሁ። ዩኒፎርሙን አጥፌ አስቀምጫለሁ። ጋሼ በሩ ላይ ነበር። እጄን አየው። "ነገ ትመጫለሽ?" አለኝ። እንደ መጀመሪያው ቀን፣ በዚያው ድምፅ። ምን ብዬ እንደመለስኩ ታውቃላችሁ? ምንም አላልኩም። አለቀስኩ። እሱ ደግሞ "ነገ ሰሃን አትነኪም፤ ሰላጣ ትለቅሚያለሽ" አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ። በአንድ እጄ ሰላጣ ለቀምኩ። ከማጠቢያው ወደ ኮልድ ኪችን የገባሁት በሙያዬ አይደለም፤ በተቃጠለ መዳፌ ነው።

አሁን ሼፍ ስሆን ጥያቄው ይበልጥ ገባኝ። አንድ ሼፍ ጀማሪ ሲቀጥር የሚያስጨንቀው ወጥ መሥራት መቻሏ አይደለም። ወጡን እሱ ያስተምራታል። የሚያስጨንቀው ነገ ጠዋት ስትቀር ያ የሰሃን ክምር በማን እጅ እንደሚወድቅ ነው። ስንቱ ነው በሦስተኛው ቀን የሚጠፋው! ስልኩን ያጠፋል፣ በቃ። መቅረት ካለባችሁ ደውሉ። ሥራውን ካልወደዳችሁት "አልቻልኩም" ብላችሁ ተናገሩ። የኪችን ሰው ይተዋወቃል። ዛሬ ቦሌ ጠፍታችሁ የሄዳችሁትን ሰው ነገ ሲኤምሲ ታገኙታላችሁ።

እኔም ተሳስቻለሁ ግን። አንድ ልጅ መጥቶ ሲሞክር ቃል አልወጣውም። "ትኩስ! ከኋላ!" ብሎ መጮህ አልቻለም። ኪችን ውስጥ ትኩስ ዕቃ ይዞ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አደጋ ነው፤ ስለዚህ መለስኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ቤት ምሳ ልበላ ገብቼ ግሩም ዓሣ ቀረበልኝ። ማን ነው የሠራው ብዬ ስጠይቅ ያው ልጅ። ወጥቶ ሰላም አለኝ። አሁን ይጮሃል! ስለዚህ አንድ ሼፍ ስለመለሳችሁ ዓለም አላለቀችም።

ሦስተኛው። ገንዘብና ወረቀት። ሰዓቱ እያለቀ ነው አሉኝ፤ ቶሎ ቶሎ ልበል።

ከጋሼ ኪችን በኋላ የሄድኩበት አንድ ቤት አለ። ስሙን አልጠራም። "ለሁለት ሳምንት ሞክሪ" አሉኝ። ሞከርኩ። በቀን 11 ሰዓት ሠራሁ። በመጨረሻው ቀን "አልተስማማሽንም" አሉኝ። ገንዘቤስ? "ሙከራ ነበር እኮ!" አንድ ብር አልሰጡኝም። በእኔ ቦታ በማግስቱ ሌላ ልጅ ቆማለች፤ እሷም ለሙከራ።

ሙከራ ማለት በነጻ ማለት አይደለም። ሙከራ ማለት በነጻ ማለት አይደለም! ሁለት ሰዓት ሽንኩርት ላጪ ቢሏችሁ እሺ በሉ፤ እጃችሁን ማየት አለባቸው። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ሥራ ነው። ዛሬ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በጽሑፍ መሆን አለበት። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም እንደ ሌላው ሠራተኛ መብት አለው፤ ይከፈለዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ፤ ይህንንም እወቁ። የሠራችሁበትን ግን ይከፍላሉ። መደበኛው ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ቀን ከሆነ በአንድ ተኩል ይባዛል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል። ይህን ሁሉ የሚያከብር ቤት ስንት ነው ብትሉኝ፣ እንተወው። ግን የማያውቁትን መብት ማን ይጠይቃል?

እንዴት ነው የሚጠየቀው? በመጀመሪያው ቀን፣ በትህትና። "ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል ቢነግሩኝ?" በቃ። በዚህ የሚቆጣ ቀጣሪ ከተገኘ እግዚአብሔር አሳይቷችኋል፤ ውጡ።

ተያዥ ይጠይቋችኋል። እኔን በጣም ያሰቃየኝ እሱ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣች ልጅ አዲስ አበባ ላይ ደመወዝተኛ ተያዥ ከየት ታመጣለች? ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ምን ዓይነት ተያዥ እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ለካሸርና ለግምጃ ቤት ነው የሚያጠብቁት። ለዕቃ አጣቢ መታወቂያና አንድ የሚያውቃችሁ ሰው የሚበቃቸው ቤቶች አሉ። የመታወቂያና የሰርተፊኬት ኮፒ ስጡ። ዋናውን አትስጡ! አንዴ ከሰጣችሁ ለመልቀቅ ስትፈልጉ እሱን መያዣ ያደርጉታል። የጤና ምርመራም ይጠየቃል፤ አስቀድማችሁ አሠርታችሁ ብትሄዱ ከሌላው ትቀድማላችሁ።

ሴቶች፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚወጣና ሰርቪስ እንዳለ ጠይቁ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ የለም፤ ራይድ ብትጠሩ የቀን ሒሳባችሁን ይበላዋል። ከሰርቪሱ በላይ ደግሞ ሌላ አለ። ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ እየተከተለ የሚገባ ወንድ ካለ ዝም አትበሉ። ለሼፉ ንገሩ። ሼፉ ራሱ ከሆነ ለባለቤቱ ንገሩ። ባለቤቱም ካልሰማ ሥራው ይቅር። ይሄንን ሳልናገር ብወርድ ኅሊናዬ አይተኛም ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ አሉኝ። እሺ፣ አንቺ ከኋላ።

"ሼፍ፣ ሰርተፊኬት እንጂ ልምድ የለንም። ሁሉም ደግሞ የሁለት ዓመት ልምድ ይላል።"

ልክ ነሽ፤ ይላል። የሁለት ዓመት ልምድ የሚጠየቀው ለምግብ አብሳይነት ነው። ለዕቃ ማጠብ ማንም ልምድ አይጠይቅሽም። እዚያ ግቢ። ሰሃንሽን ቶሎ ጨርሺና ሽንኩርት ወደሚከተፍበት ጠጋ በይ። "ልርዳሽ?" በይ። በየቀኑ በይ። አንድ ቀን ከታፊዋ ትቀራለች። የሆነ ቀን ትቀራለች፤ ሰው ናት። ያኔ ሼፉ ዞር ሲል ቢላ መያዝ የምትችል አንቺን ነው የሚያየው።

እንግዲህ የጆንያው ነገር። ገምታችኋል አይደል? ሽንኩርት ነው፤ 100 ኪሎ። ነገ የእኛ ቤት ትልቅ ድግስ አለበት፤ የሚላጥ ነው። ቢላም ባልዲም አምጥቻለሁ። እኔ ደግሞ ሁለት ዕቃ አጣቢና አንድ ላጭ እፈልጋለሁ። ደመወዙን፣ የሚከፈልበትን ቀንና የማታውን ሰርቪስ እዚህ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፤ ቀድማችሁ አንብቡት። የማትፈልጉ ሂዱ፣ አልቀየምም። የምትፈልጉ ጀምሩ። ከአንድ ሰዓት በላይ አናቆያችሁም። ስትጨርሱ ሽንኩርቱን እዚያው ተዉትና ባልዲውን ይዛችሁልኝ ኑ።

ወዴት ነው? ቆይ፣ መጀመሪያ እጅ! ቧንቧው በጓሮ በር በኩል ነው።